ድንጋዩን አቅፈን ባለቤቱን ሸኘነው

ቴሌግራም ላይም ፌስቡክ ላይም በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ ከኋላው ተራራ፣ ከላዩ ጥርት ያለ ሰማይ። ከሥሩ «ቅርሳችን ኩራታችን» የሚል ጽሑፍ። ላይኩ ይዘንባል፣ ኮሜንቱ ይጎርፋል፣ ሁሉም «እንጠብቀው» ይላል። በፎቶው ውስጥ የሌለው ሰው ነው። ከቤቱ ጭስ አይወጣም፤ ደጃፉ ላይ ዶሮ አትጭርም፤ የተሰጣ ልብስ የለም። እኛም ጉድለቱን አናስተውለውም። እንዲያውም «ውብ» ያስባለው ባዶ መሆኑ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ጠብ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላስረዳ። በዚህ አገር የገበሬውን የድንጋይ ቤት እየገደለው ያለው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ብቻም አይደለም። ቤቱን ከነዋሪው ነጥሎ የሚያየው የቅርስ አጠባበቃችንም ነው። ድንጋዩን እናቅፋለን፣ ባለቤቱን እንሸኛለን። ከዚያ ቤቱ ሲፈርስ «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር አለበት» ብለን የአበል ስብሰባ እንጠራለን።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እኛ አጥሩን እየጠገንን ባለቤቱን የምንንቅ ሆነናል። ከነቀነቀው በምን እንሻላለን?

*ከላስታ እንጀምር*

ላሊበላ ሲባል ሁላችንም ዓይናችን ላይ ድቅን የሚሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ተገቢ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቦታ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ ራሱ ስለ ቦታው በሚሰጠው መግለጫ ውስጥ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች መኖራቸውን ይጠቅሳል። «የላስታ ቱኩል» ይላቸዋል። በእኛ አማርኛ ጎጆ ነው፤ ፎቅ ያለው ጎጆ።

ይህን ቤት ቀርቦ ያየ ሰው የገበሬውን ብልሃት ያደንቃል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ማያያዣው ጭቃ። ታችኛው ክፍል ለከብትና ለዕቃ፣ ላይኛው ለቤተሰብ። ደረጃው ከውጭ በድንጋይ ተሠርቶ ግድግዳውን ታክኮ ይወጣል። ከላይ የሣር ክዳን። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች አገር ናት። ሌሊቷ ብርድ ነው። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሳል፤ የከብቶቹ ትንፋሽ ከታች ወደ ላይ ይሞቃል። የሚመጣ ሌባ ደግሞ መጀመሪያ ደረጃውን መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ ያሰበው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሌለው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአንድ አለት ተፈልፍለው የወጡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚመስሉት ምንን ነው? የተገነባ ቤትን ነው! የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ያየ ሰው፣ አለቱ ወጣ ገባ ተደርጎ በድንጋይና በእንጨት ድርድር የተሠራ የአክሱም ዘመን ሕንጻን እንዲመስል መቀረጹን ያውቃል። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያየ ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉትን «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉ የእንጨት ጫፎች ያስታውሳል። ፈልፋዮቹ አለቱን ሲጠርቡ በዓይነ ልቡናቸው የያዙት ድንጋይና እንጨት አጋብቶ የሚሠራ ግንበኛን ጥበብ ነበር። እንግዲህ ቅጂውን በጣሪያ ከልለን ስንጠብቅ፣ ያንን የድንጋይ ሥራ ዕውቀት በእጁ ይዞ የኖረውን ሰው ግን ረሳነው።

*ምን አደረግን?*

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነስተው ራቅ ወዳለ አዲስ ሰፈር እንዲገቡ ተደረገ። ታሪካዊ ናቸው የተባሉት የድንጋይ ጎጆዎች ሲቀሩ፣ የተቀረው ቤት ፈረሰ። የቀሩትም የቀሩት ባዶአቸውን ነው።

ለዚህ እርምጃ ምክንያት አልነበረም አልልም። ነበረ። ሰፈሩ ተጨናንቆ ነበር። የመጸዳጃና የቆሻሻ ውኃ ጉዳይ የዋዛ አልነበረም። አለቱ ውኃ የሚጠጣ አለት ነው፤ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታች ይሰርጋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ይጎዳል። ይህን የካደ ሰው ስለ ቅርስ ባያወራ ይሻለዋል።

ግን ጥያቄው ይህ ነው፤ ችግሩ የቆሻሻ ውኃ ከሆነ መነሳት ያለበት ቆሻሻው ነው ወይስ ሰውየው? ቧንቧ ዘርግቶ፣ የጋራ መጸዳጃ ሠርቶ፣ የነዋሪውን ቁጥር ገድቦ፣ አዲስ ግንባታ ከልክሎ፣ የድንጋይ ጎጆ ባለቤቶችን ግን እዚያው ማኖር አይቻልም ነበር? በጣም ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ማንሳት ነው፤ ምክንያቱም ድሀ ሲነሳ አይጮኽም። ቢጮኽም አይሰማም።

ደግሞ እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ሌሊት ማሕሌት የሚቆሙ ካህናትና ደባትር፣ በበዓል ቀን ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ምዕመን የሚያሳድሩ እናቶች፣ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡ ቸርቻሪዎች አሉባቸው። ቤታቸው ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ኑሯቸው እዚያ ስለነበረ ነው። ከሰፈሩ ሲያርቋቸው የተወሰደባቸው ግድግዳና ክዳን ብቻ አልነበረም።

ካሣው ግን የሚሰላው እንዴት ነበር? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የሚከፈለው በላዩ ላይ ለተሠራው ንብረት ነው። የጭቃና የድንጋይ ቤት ደግሞ በቁሳቁስ ዋጋ ሲተመን ስንት ያወጣል? የሚገርመው፣ በኋላ የወጣው የማስለቀቅና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ እንዲከፈል ደነገገ። ማለትም ሕጉ ራሱ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ሰው ከሰፈሩ ሲነሳ ከግድግዳ ሌላ የሚያጣው ነገር እንዳለ አመነ። ያኔ ለተነሱት ግን ማን ይመለስላቸው?

*ቤት እንዴት ይሞታል?*

«ቤቱ እኮ አልፈረሰም፣ ተጠብቆ ቆሟል» የሚለኝ አለ። ወዳጄ፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ቤት እንዴት እንደሚሞት ልንገርህ።

መጀመሪያ የሚጠፋው እሳቱ ነው። የሣር ክዳን ያለው ቤት ምድጃ ምግብ ማብሰያ ብቻ አይደለም። ጭሱ ወጋግራውንና ማገሩን ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ምስጥና ነቀዝ ያርቃል፤ ሣሩንም ከውስጥ ያደርቀዋል። እሳቱ ሲጠፋ እርጥበት ይገባል። ቀጥሎ ነፋስ ከክዳኑ አንድ ጭብጥ ሣር ይነቅላል። ሰው ቢኖርበት በማግስቱ ይወጣና ይሰካዋል፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሰው ከሌለ ግን ቀዳዳው ይሰፋል። በክረምት ውኃው በግድግዳው አናት ይገባል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ አጥቦ ያወርዳል። ግድግዳው መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ሳያይ፣ ይናዳል።

ስለዚህ የድንጋይ ቤት ሐውልት አይደለም። እንደ ላም ነው፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ከበጋ እስከ በጋ የሚለቀልቀው፣ ከክረምት በፊት ክዳኑን የሚያየው፣ የወደቀውን ድንጋይ አንስቶ ወደ ቦታው የሚመልሰው ሰው። ያ ሰው ደመወዝ አይጠይቅም፣ የጨረታ ሰነድ አይገዛም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ አይጠብቅም። ያ ሰው ነዋሪው ነው። እኛ ግን በነፃ የሚሠራውን ጠባቂ አስወጥተን፣ ለቅርስ ጥገና በጀት ፍለጋ ኤምባሲ ለኤምባሲ እንዞራለን።

ከዚያ ጠጋኝ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? ሲሚንቶ! በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ሲይዘው በጭቃው በኩል ይተነፍሳል። ፊቱን በሲሚንቶ ሲለስኑት ውኃው መውጫ ያጣል፤ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ለስላሳው ድንጋይ ከሲሚንቶው ጠርዝ እየተፈረፈረ ይረግፋል። ከሩቅ ሲታይ «ታድሷል»፤ ከውስጥ ግን በስብሷል። ይህን የመንደሩ ግንበኛ ያውቀዋል። የጠየቀው ግን የለም።

*«ቱሪስቱ ይጠብቀዋል» የተባለው ተስፋ*

ነዋሪውን የማንሳቱ ሒሳብ ቀላል ነበር፦ ቦታው ይጸዳል፣ ቱሪስት ይበዛል፣ ገንዘቡ ቅርሱንም ሕዝቡንም ያኖራል። የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በ2012 ኮሮና መጣ፤ አውሮፕላኑ ቆመ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ላሊበላ በተፋላሚዎች እጅ ስትገባና ስትወጣ ከረመች። እሱ ቆመ ሲባል በ2015 መጨረሻ የአማራ ክልል ግጭት ተከተለ። በእነዚህ ዓመታት ሆቴሎቹ ተዘጉ፣ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈቱ።

እስቲ አስቡት። ኑሮው በቱሪስት ላይ የቆመ ቅርስ ቱሪስት ሲጠፋ አብሮ ይራባል። ሰው የሚኖርበት ቤት ግን የአውሮፕላን በረራ አይጠብቅም። በጦርነቱም ጊዜ ክዳኑ ይከደናል፣ በኮሮናም ጊዜ ግድግዳው ይለቀለቃል፤ ምክንያቱም ዝናብ የሚወርደው በባለቤቱ ራስ ላይ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የቅርስ መድን የትም አገር የለም። እኛ ግን የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን ጣልን።

*ሕጉ ምን ይላል?*

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(9) ላይ የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነትን የሚጥለው በመንግሥት ላይ ነው። አንቀጽ 91 ደግሞ ግዴታውን ለመንግሥትም ለዜጋም ያካፍላል። እስከዚህ መልካም።

ወደ ዝርዝሩ ስንወርድ ግን፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ክፈቱ። በቅርስነት የተያዘ ቤት ባለቤት ቤቱን በሚገባ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ መጠገን አይችልም፤ የጥገና ሥራ የባለሥልጣኑን ይሁንታ ይፈልጋል። ጥሰቱ ቅጣት አለው። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆንስ? መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊሸፍን «ይችላል»። ግሡን አስተውሉት። ለገበሬው ሲሆን «አለበት»፤ ለመንግሥት ሲሆን «ይችላል»። የዚህ አገር የቅርስ ፖሊሲ በሁለት ግሦች ተጠቃለለ።

እንግዲህ ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አድርጉት። ቤትህ ቅርስ ነው ተብሎ ሲነገርህ ምን ታገኛለህ? ፈቃድ መጠየቅ። ምን ታጣለህ? እንደ ጎረቤትህ ቆርቆሮ የመምታት መብት። ምን ይሰጥሃል? ምንም። አእምሮው የሚሠራ ሰው ቤቱ እንዳይመዘገብ ቢደብቀው፣ ወይም መዝጋቢው ሳይደርስ ቢያፈርሰው ይፈረድበታል?

አንድ ጊዜ በላስታ ገጠር ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀምጬ ለምን ክዳናቸውን ወደ ቆርቆሮ እንደቀየሩ ጠየቅኳቸው። ቅር ብሎኝ መጠየቄን ከድምፄ አውቀውት ነው መሰለኝ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ሣሩን ከየት ላምጣው? ሣር የነበረበት ሁሉ ታርሷል። የቀረውን ከብቱ ይበላዋል። ዛፍ ቁረጥ ብትለኝ ያስረኛል። ከዳኝ ብጠራ የሚችሉት ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። ቆርቆሮ ግን አንዴ ከመታሁት እኔን ይቀብረኛል።» ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው? «አባቴ፣ ለፎቶ አይመችም» ልበላቸው?

እኚህ አባት የግንዛቤ ችግር የለባቸውም። ሒሳብ ነው የሠሩት። ሒሳባቸው ልክ ነው። ሒሳቡን መቀየር የኛ ሥራ ነው።

*ሕድሞውስ?*

ይኸው ታሪክ በትግራይም አለ። ሕድሞ የሚባለው የደጋው የድንጋይ ቤት ወፍራም ግድግዳ፣ ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ አለው። ያ ጣሪያ እጅግ ከባድ ነው፤ የሚሸከመው ደግሞ የወይራና የጽድ ግንድ ነው። ደኑ ሲመናመን ግንዱ ጠፋ፤ የቀረውን ዛፍ መቁረጥም ተከለከለ፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ አዲስ ሕድሞ የሚሠራ ሰው እየጠፋ ሄደ፤ የአሮጌው ሕድሞ ጣሪያ ሲያረጅ በቆርቆሮ ይተካል። የጦርነቱ ውድመት ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ አስቡት።

በዚህ መካከል የሚያናድደኝ ነገር አለ። ገበሬው በድንጋይ ቤቱ «ኋላ ቀር» ተብሎ ሲሸማቀቅ፣ ያው ቤት ተኮርጆ ሎጅ ሆኖ ይቆማል። ድንጋዩ ያው፣ ጠፍጣፋው ጣሪያ ያው፣ የሣር ክዳኑም ያው። ልዩነቱ ሙቅ ውኃና ዋይፋይ መኖሩ፣ አዳሩም በዶላር መሆኑ ነው። ቤቱን ሲኖርበት ድህነት ነው፤ ስናድርበት «ባህላዊ ውበት» ነው። የሎጁን ግድግዳ የገነባው ማን ነው? የገበሬው ልጅ፣ በቀን ሥራ።

*ኮንሶን እዩ*

«ታዲያ ሰው እየኖረበት ቅርስን መጠበቅ የት ተችሎ ያውቃል?» ለሚለኝ፣ ፈረንጅ አገር ሳልሄድ እዚሁ አሳየዋለሁ። ኮንሶ።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ባዶ ፍርስራሽ አልነበረም። የሚታረስ እርከን፣ የሚኖርበት መንደር ነው። እርከኖቹ በአንዳንድ ቦታ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳሉ፤ አፈሩን ይይዛሉ፣ ዝናቡን ያጠራቅማሉ፣ ትርፉን ውኃ ሳይጎዳ ያሳልፋሉ። በኮረብታ አናት ያሉት መንደሮች ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። ይህ ልማድ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ እንደዘለቀ ነው የሚነገረው።

ይህን ያህል ዘመን ማን ጠበቀው? ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ፕሮጀክትም አልነበረም። የጠበቀው፣ ካቡ ሲናድ ማሳው የሚሄድበት ሰው ነው። በጋራ ወጥቶ የሚክብ፣ ለልጁም መካብን የሚያስተምር ማኅበረሰብ ነው። ድንጋዩ ለኮንሶ ሰው ትዝታ ሳይሆን እንጀራ ነው። ቅርሱ የቆየው ስለሚጠቅም ነው።

ኮንሶ ፍጹም ናት አላልኩም። እዚያም ሣሩ በቆርቆሮ እየተተካ ነው፤ እዚያም ወጣቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ባለፉት ዓመታት በነበሩ ግጭቶችም ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ግን መርሑ አይናወጥም፦ ሰው ሲኖር ካቡ ይካባል፤ ሰው ሲፈናቀል ካቡ ይናዳል።

*ፒያሳስ ምን አገናኘው?*

ስለ ገጠር የድንጋይ ቤት እያወራህ ፒያሳ ምን ወሰደህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያገናኘው ባለቤትነት ነው።

በ2016 በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን አዘንን። እኔም አዝኛለሁ። ግን አንድ ነገር እንመን፦ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ግሬደሩ ከመድረሱ ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ እየሞቱ ነበር። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ ቤቶቹ የቀበሌ ሆኑ። ተከራዩ ቤቱ የሱ አይደለምና ጣሪያውን አያድስም። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለአንድ ቆርቆሮ አይበቃምና አይጠግንም። ጣሪያው ሲያፈስ ሁለቱም ወደ ላይ ያያሉ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ቤቱ አረጀ፣ ዘመመ፣ በመጨረሻ «ለኑሮ የማይመች» ተባለ። ያኔ ለማፍረስ ምክንያት ተገኘ።

የላሊበላው ባዶ ጎጆም፣ የፒያሳው የቀበሌ ቤትም የሞቱት በአንድ በሽታ ነው፦ «ይህ የኔ ነው» የሚል ሰው በማጣት። ያኛው ነዋሪውን አጥቶ፣ ይኼኛው ባለቤቱን አጥቶ።

*ለሚቃወሙኝ*

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሱ አውቃለሁ። ቀድሜ ልመልስ።

አንደኛ፣ «ሰው በጨለማና በጭስ ቤት ውስጥ ለቱሪስት ሲባል ይኑር ነው የምትለው?» አይደለም። ሰው መብራት፣ ውኃ፣ መጸዳጃና ጭስ የሚያወጣ ምድጃ ይገባዋል። እነዚህ ሁሉ በድንጋይ ቤት ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሎጁ ውስጥ ገብተው የለ? ለእንግዳ የሚቻለው ለባለቤቱ የማይቻልበት ምክንያት የለም። መውጣት የሚፈልግም ይውጣ፤ መብቱ ነው። የምቃወመው መቆየት የሚፈልገውን ማስወጣትን ነው።

ሁለተኛ፣ «መንግሥት ገንዘብ የለውም፤ ዳቦ ላጣ ሕዝብ ስለ ሣር ክዳን ታወራለህ።» ገንዘብ እንዳለ በየከተማው የሚነጠፈው ንጣፍና የሚተከለው መብራት ይመሰክራል። የአንድ ጎጆ ክዳንና የአንድ ግንበኛ የወር ደመወዝ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? የጎደለው ብር አይደለም። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው።

ሦስተኛ፣ «ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚያፈርሱት።» ያፈርሳሉ፤ ለምን እንደሚያፈርሱም ከላይ ተናግሬአለሁ። መጠበቅ የሚያከስር፣ ማፍረስ የሚያተርፍ ከሆነ ሰው ያፈርሳል። አንተም ብትሆን ታፈርሳለህ። ሒሳቡን ቀይርና ከዚያ ፍረድበት።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ የለመድነው በሽታ ነው። ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

1. የመኖር መብት ይቅደም። በቅርስ ክልል ውስጥ ያለ ታሪካዊ ቤት ነዋሪ መነሳት ያለበት ሌላ መፍትሔ እንደሌለ ተጠንቶ፣ ጥናቱም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን። ባዶ የቀሩት የድንጋይ ቤቶች መጀመሪያ ሊቀርቡ የሚገባው ለቀድሞ ባለቤቶቻቸውና ለልጆቻቸው ነው። ለመኖሪያ ካልሆነ ለእንግዳ ማደሪያ፣ ለሽመናና ለእንጨት ሥራ፣ ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ይስጧቸው። እሳት ይንደድበት።

2. «ይችላል» የሚለው ግሥ «አለበት» ይሁን። ቤትን ቅርስ ብሎ የመዘገበ መንግሥት የክዳኑንና የግድግዳውን ልዩ ወጪ ይካፈል። ካልቻለ ግዴታውን ባለቤቱ ላይ ብቻ አይጣል።

3. ፈቃድ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ክረምት የባለሥልጣንን ፊርማ አይጠብቅም። ገበሬው ለመጠገን ጠይቆ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ፣ በነባሩ ቁስና በነባሩ ዘዴ የመጠገን መብት ይኑረው።

4. ግንበኛውና ከዳኙ መምህር ይሁኑ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ብሎኬትና ሲሚንቶ እናስተምራለን። በላስታ፣ በትግራይ፣ በኮንሶ ያሉ የቀሩት አረጋውያን ባለሙያዎች ደመወዝ ተከፍሏቸው ወጣት ያስተምሩ። እነሱ ሲሞቱ ዕውቀቱም አብሯቸው ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ በጀት ምንም አይፈይድም።

5. ለቁሱም ይታሰብ። የክዳን ሣር የሚከለልበት፣ ጽድና ወይራ ለጥገና ተብሎ የሚተከልበት መሬት በየወረዳው ይመደብ። ዛፍ መቁረጥን ከልክሎ የእንጨት ጣሪያ ጠብቅ ማለት ማላገጥ ነው።

6. ከመግቢያ ትኬቱ ድርሻ ይኑራቸው። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው የእነሱን ግድግዳ ጭምር ከሆነ፣ ከገቢው የታወቀና በሕግ የተጻፈ ድርሻ ለቤቶቹ ጥገና ይግባ።

ከእነዚህ ውስጥ ሰማይ ቧጥጡ የሚል አንድም የለም። ሁሉም በአንድ የደንብ ማሻሻያና በጥቂት በጀት የሚሠሩ ናቸው። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገበሬውን የቅርሱ ጠላት አድርጎ ሳይሆን የቅርሱ ባለሙያ አድርጎ ማየት።

በመጨረሻ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ባዶ የድንጋይ ቤት ፎቶ ሲደርሳችሁ፣ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ «የዚህ ቤት ባለቤት የት ነው?» የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ገጽ ላይም ጻፉት፣ የቅርስ ባለሥልጣን ገጽ ላይም ጻፉት። መልስ እስኪመጣ ድረስ ደጋግማችሁ ጻፉት። መልስ የሚሰጥ ከተገኘ ቤቱ ገና የመትረፍ ተስፋ አለው። መልስ ከጠፋ ግን የላካችሁትን ፎቶ አስቀምጡት፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ከቤቱ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው።

የማትስማሙበት ካለ በክርክር ኑ፤ በስድብ አትኑ። ከላሊበላ የተነሳችሁ ወይም ወላጆቻችሁ የተነሱባችሁ ካላችሁ ደግሞ ከኔ ይልቅ የእናንተ ቃል ይበልጣልና ጻፉልን።

ሰላም ክረሙ።